ዛፉ ሳይታመም ገበያው የታመመበት ዓመት

በዲር ፓርክና በአካባቢው የምንኖር ወገኖች ከብሪምባንክ የገበያ ማእከል ስንመለስ ከምንሸከመው ዕቃ ውስጥ አንድ ሁለት ቆርቆሮ ፒር ወይም ኮክ አይጠፋም። ለልጆች ምሳ ይሆናል፤ ለሚጾመውም ቅቤና እንቁላል የሌለበት ጣፋጭ ስለሆነ ሁዳዴ ሲገባ ፈላጊው ይበዛል። የቆርቆሮውን ወረቀት አገላብጦ ያነበበ ሰው ሼፐርተን የሚል ስም ያገኝበት ይሆናል። ሼፐርተን ከሜልበርን ወደ ሰሜን 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በጎልበርን ወንዝ መስኖ የምትጠጣ የፍራፍሬ አገር ናት። የአውስትራሊያ ፒር አብዛኛው የሚለቀመው ከእርሷና ከጎረቤቶቿ ከሙሩፕና፣ ከአርድሞና፣ ከታቱራና ከኮብራም ነው።

ከእኛም መካከል እዚህ አገር እንደገባ፣ እንግሊዝኛው ገና ሳይቀና፣ በመከር ወራት ወደዚያ ወጥቶ ፍሬ የለቀመ አለ። ደረት ላይ የሚንጠለጠለውን ከረጢት፣ መሰላሉን፣ ግማሽ ቶን የሚጠጋ ፍሬ የሚይዘውን ቢን የሚባል ትልቅ ሣጥን የሚያውቅ ያውቀዋል። ክፍያው በሰዓት ሳይሆን በሞላው ቢን ልክ ነበር። በዚህ ዓይነት ለሚሠራ ለቃሚ በሰዓት ከዚህ አያንስም የሚል ዋስትና በሕግ የተሰጠው ገና በ2022 ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን ግን ስለ ለቃሚው ደመወዝ አይደለም። ለቃሚው፣ ባለ እርሻው፣ ሾፌሩና የፋብሪካው ሠራተኛ ሁሉም እንጀራቸውን በአንድ ዛፍ ላይ አንጠልጥለዋል። ያ ዛፍ ሲታመም፣ ይልቁንም «ሊታመም ነው» የሚል ወሬ ብቻ ሲነሣ ምን እንደሚደርስባቸው ለማየት ነው። ነገሩ የባለ እርሻ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። እኛ ግን ከቱላማሪን አውሮፕላን ጣቢያ ሻንጣችን ጋር ሳይቀር የተያያዘ ሆኖ አግኝተነዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እሳት የላሰው የሚመስል ዛፍ

ፒርና ፖም አምራቾች ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት በሽታ በእንግሊዝኛ «ፋየር ብላይት» ይባላል። ስሙ እሳትን የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። በሽታው የያዘው ዛፍ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ቀምበጡ እንደ እረኛ ከዘራ ጫፉ ይቆለመማል፣ የደረቀው ቅጠልና አበባም ሳይረግፍ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከሩቅ ሲያዩት ከሥሩ እሳት የነደደበት ይመስላል።

ምክንያቱ ባክቴሪያ ነው። ክረምቱን በዛፉ ቅርፊት ላይ ባለ ቁስል ውስጥ ተደብቆ ይከርማል። ፀደይ ሲመጣ ከቁስሉ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይወጣል፤ ዝናብ፣ ነፍሳትና ነፋስ ወደ አበባው ያደርሱታል። አንድ አበባ ከተያዘ በኋላ ንብ ለማር ስትል ከአበባ ወደ አበባ ታዛምተዋለች። ማለትም ለፍሬው መያዝ የምታስፈልገው ያችው ንብ በሽታውንም ታደርሳለች። ከአበባው ወደ ቀምበጡ፣ ከቀምበጡ ወደ ግንዱ ይወርዳል። አበባ በፈካበት ሰሞን ሙቀትና እርጥበት ከተገናኙ ወጣት ዛፍ በአንድ ወቅት ሊሞት ይችላል። ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። የታመመውን ቅርንጫፍ ከጤነኛው ክፍል ጭምር ቆርጦ ማቃጠል፣ ካልሆነም ዛፉን ነቅሎ መጣል ነው። በአሜሪካ አበባው ላይ ስትሬፕቶማይሲን ይረጫሉ፤ እርሱም ለመከላከል እንጂ ለመፈወስ አይደለም፤ በአንዳንድ ቦታ ባክቴሪያው ተላምዶታል።

በሽታው መጀመሪያ የታየው በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በኒው ዮርክ፣ በሐድሰን ሸለቆ ነው። ባክቴሪያ ሰውንና ከብትን ብቻ ሳይሆን ተክልንም እንደሚያሳምም የታወቀውም በዚሁ በሽታ ሲሆን፣ በ1880 ገደማ ይህን ያሳየው አሜሪካዊው ቶማስ በሪል ነበር። ከዚያ ውቅያኖስ ተሻገረ። በ1919 ኒው ዚላንድ፣ በ1957 እንግሊዝ፣ በ1964 ግብፅ ገባ። ጉዳቱን በገንዘብ ለመገመት የሚፈልግ የአሜሪካኑን የሚሺገንን ዕጣ ይመልከት፤ በ2000 በአንድ ፀደይ ከ200,000 በላይ የፖም ዛፎች ሞተውበት 42 ሚሊዮን ዶላር ያህል ኪሣራ ደርሷል።

ከፒር ዓይነቶች ሁሉ ለዚህ በሽታ በቀላሉ ከሚሸነፉት አንዱ ዊልያምስ የሚባለው ነው። ሼፐርተን ውስጥ ወደ ቆርቆሮ የሚገባውም ይኸው ዊልያምስ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ሜይ 1997

በሜይ 1997 ሜልበርን ከተማ መካከል ባለው በሮያል ቦታኒክ ጋርደንስ ውስጥ፣ ኮቶኒያስተር በሚባል ለጌጥ በሚተከል ቁጥቋጦ ላይ ፋየር ብላይት መገኘቱ ተነገረ። መጀመሪያ ያየው ለጉብኝት የመጣ የኒው ዚላንድ ተመራማሪ ነበር። ኮቶኒያስተር ፍሬው ትንሽና ቀይ የሆነ፣ በየሰዉ አጥር ላይ የሚበቅል ተክል ነው፤ ማንም አይበላውም። ግን ከፒርና ከፖም ጋር አንድ ወገን ስለሆነ በሽታውን ይጋራል። ብዙም ሳይቆይ በአደላይድ የዕፅዋት መናፈሻም ተገኘ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚያስገርመው። በሽታው የተገኘው በመናፈሻ ውስጥ ነው፤ በጎልበርን ሸለቆ አንድ የፒር ዛፍ እንኳ አልታመመም። ነገር ግን ወሬው በተሰማ በቀናት ውስጥ ሌሎቹ ስቴቶች በራቸውን ዘጉ። ከቪክቶሪያ የሚመጣ ፖምና ፒር፣ የችግኝ ጣቢያ ተክል፣ የንብ ቀፎ ሳይቀር እገዳ ተጣለበት። ጊዜው የበልግ ማብቂያ በመሆኑ የዓመቱ ፍሬ ተለቅሞ በማቀዝቀዣ ቤት የተከማቸበት ነበር። ባለ እርሻው ለለቃሚው ከፍሏል፣ ለማቀዝቀዣው ኤሌክትሪክ ይከፍላል፣ ፍሬው ግን የተለመደውን ድንበር አያልፍም። ጠረፍ ማዶ መሸጥ ያልቻለው ሁሉ በዚህ በሜልበርን ገበያ ላይ ሊራገፍ ነው ማለት ነው። የጅምላ ገበያው በዚያን ጊዜ ወደ ኤፒንግ ሳይዛወር እዚሁ በፉትስክሬይ መንገድ ላይ ነበር። በገበያ ላይ ዕቃ ሲትረፈረፍ ዋጋው ምን እንደሚሆን መርካቶ ያደገ ሰው አይጠይቅም።

ንብ አርቢውም አብሮ ተጎዳ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ ንብ አርቢዎች ቀፏቸውን በጭነት መኪና ጭነው አበባ ከፈካበት ወደ ፈካበት እየተዘዋወሩ ለባለ እርሻ የሚያከራዩ መሆናቸው ነው። ቀፎው ካልተንቀሳቀሰ ኪራዩ የለም፤ ንብ ያላገኘ ዛፍም ፍሬው ይሳሳል። የችግኝ ሻጩም እንዲሁ ነው፤ ጽጌረዳና የአጥር ቁጥቋጦ የሚሸጥ ሰው ከፒር ጋር ምን አገናኘው ቢባል፣ ዘመድነታቸው ነው ያገናኘው።

መንግሥት በሁለቱ መናፈሻዎች ውስጥ የታመሙትንና በአካባቢያቸው ያሉትን ተጋላጭ ተክሎች ነቅሎ አጠፋ። ከዚያም በመላ አገሪቱ፣ በእርሻውም በከተማው አጥር ጥግም ፍተሻ ተደረገ፤ ፀደይ ሲመጣና አበባ ሲፈካም እንደገና ተፈተሸ። በሌላ ቦታ አልተገኘም። አውስትራሊያም ከበሽታው ነፃ መሆኗ ታውጆ እስከ ዛሬ ነፃ ሆና ቆይታለች። እንዴት እንደገባ ግን አልታወቀም። በወቅቱ ወሬው ብዙ ነበር፤ ኒው ዚላንድ ፖሟን እዚህ ለመሸጥ ትጠይቅ ስለነበር ያገኘው ሰው የኒው ዚላንድ ሰው መሆኑ ብቻ ለአንዳንዱ ባለ እርሻ እንደ ማስረጃ ተቆጠረ። በእኛ አስተያየት በሽታ ያየ ሰው አየሁ ማለቱ ውለታ እንጂ ወንጀል አይደለም። ደብቆት ቢሄድ ኖሮ በቀጣዩ ፀደይ ንቦቹ ያወሩት ነበር።

ፋብሪካው ለምን ያስነጥሰዋል

ማሸጊያ ፋብሪካ እንደ ሌላ ፋብሪካ አይደለም። ጫማ የሚሠራ ፋብሪካ ቆዳ ቢጠፋ ከሌላ አገር አስመጥቶ ሳምንት ዘግይቶ ይሠራል። ፒርና ኮክ ግን የሚበስሉት ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ባሉት ወራት ነው፤ ፋብሪካው በእነዚያ ወራት ቀንና ሌሊት ሠርቶ የዓመቱን ማሸግ አለበት። በእነዚህ ወራት የሚቀጠረው ጊዜያዊ ሠራተኛ ብዙ ነው፤ ከመካከላቸውም ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ስደተኞች ሁልጊዜ አሉ። ቆርቆሮ አቅራቢው፣ ስኳር አቅራቢው፣ ወረቀት አታሚው፣ የጭነት መኪናው ሁሉም ቀኑን የሚቆጥረው በፍሬው መብሰል ነው። በዚህ ላይ የተነቀለ የፒር ዛፍ ቢተካ ሙሉ ፍሬ ለመስጠት ዓመታት ይፈጃል። ባንክ ደግሞ ዓመታት አይታገሥም።

ከዚህም ሌላ ለቆርቆሮ የሚሆን ፍሬ በትኩስነቱ ለገበያ የሚፈለግ አይደለም። ለማሸግ የሚመረጠው ኮክ ሥጋው ከፍሬው ጋር የተጣበቀ፣ ጠንካራ፣ ሲቀቀል የማይፈርስ ዓይነት ነው። ባለ እርሻው ለፋብሪካው ብሎ ተክሎታል፤ ፋብሪካው አልገዛም ካለው በየትኛውም የአትክልት ተራ ገዢ አያገኝለትም። አንዱ በሌላው አንገት ላይ የታሰሩ ናቸው ማለት ይቻላል።

ይህ መተሳሰር ምን እንደሚመስል ያየነው በበሽታ ሳይሆን በዋጋ ነው። ኤስ ፒ ሲ በ1917 በባለ እርሻዎች ማኅበር የተቋቋመ ድርጅት ነበር፤ ከአርድሞና ጋር በ2002 ተዋሐደ፤ በ2005 ኮካ ኮላ አማቲል ገዛው። የአውስትራሊያ ዶላር ሲጠነክርና ከውጭ የሚገባ ርካሽ ቆርቆሮ ሲበዛ በ2011 የሙሩፕናው ፋብሪካ እንደሚዘጋ ተነገረ። በ2013 ለብዙ ባለ እርሻዎች የግዢ ውላቸው ተቀነሰ ወይም ተሠረዘ፤ ጤነኛ፣ ፍሬ የያዘ ዛፍ በቡልዶዘር ተነቀለ። በ2014 መጀመሪያ የፌዴራሉ መንግሥት የተጠየቀውን 25 ሚሊዮን ዶላር አልሰጥም ሲል የቪክቶሪያ መንግሥት 22 ሚሊዮን ሰጠ፤ ባለቤቱም የራሱን ጨመረበት። በ2019 እንደገና ተሸጠ። ዛፉ ጤነኛ ሆኖ ይህ ከደረሰ፣ ዛፉ ቢታመም ምን ሊደርስ እንደሚችል ለመገመት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

የኒው ዚላንዱ ነገር አልቆመም። አውስትራሊያ በፋየር ብላይት ምክንያት የኒው ዚላንድን ፖም ከ1921 ጀምሮ ከልክላ ነበር። ኒው ዚላንድ በ2007 ጉዳዩን ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ወሰደችው፤ በ2010 ተፈረደላት፤ በ2011 የመጀመሪያው ፖም ገባ። ድርጅቱ ያለው የበሰለና ንጹሕ ፖም በሽታውን እንደሚያስተላልፍ በቂ የሳይንስ ማስረጃ አልቀረበም የሚል ነው። እስካሁንም በሽታው በዚያ ፖም አልገባም። የሼፐርተን ባለ እርሻ ግን ያኔ በቁጣ የተነሣው ሳይንስ ጠልቶ ብቻ አልነበረም፤ 1997ን አይቶታልና፤ በአንድ ቁጥቋጦ የተነሣ ገበያው እንዴት በአንድ ሌሊት እንደሚዘጋ ያውቃል። ፍርሃቱንና የንግድ ጥቅሙን ለይቶ ማየት ግን ለእርሱም ለእኛም ከባድ ነው። 90 ዓመት የቆየ እገዳ ከጊዜ ብዛት አጥር ይሁን መከታ መለየቱ ያስቸግራል።

በአገራችን ቢላዋው ነው

ይህን ሁሉ ስናነብ የፈረንጅ ነገር እንዳይመስለን። ኢትዮጵያ ውስጥ እንሰት አጠውልግ የሚባለውን በሽታ የጉራጌ፣ የሲዳማ፣ የከፋ፣ የወላይታና የሌሎችም ወገኖቻችን ቤተሰቦች በሚገባ ያውቁታል። እርሱም እንደ ፋየር ብላይት ባክቴሪያ ነው። ቅጠሉ መካከሉ ይጠወልጋል፣ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ዝልግልግ ነገር ያወጣል፣ ከዚያ ተክሉ ይበሰብሳል። ለዓመታት የተጠበቀው ቆጮና ቡላ እዚያው ጓሮ ውስጥ ይቀራል። ባክቴሪያውን ለይተው በ1968 ለዓለም ያሳወቁት ኢትዮጵያዊው የተክል በሽታ ተመራማሪ ዳኛቸው ይርጉና እንግሊዛዊው ብራድበሪ ናቸው። በ1974 ደግሞ ያው በሽታ ሙዝንም እንደሚገድል አሳዩ።

ለረጅም ጊዜ ከአገራችን ውጭ በሌላ ቦታ አልታወቀም ነበር። በ2001 ኡጋንዳና ኮንጎ ውስጥ ሙዝ ላይ ታየ፤ ከዚያ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ኬንያና ቡሩንዲ ደረሰ። ኡጋንዳ ውስጥ ሙዝ የቀን ምግብ ነው። ከሁሉ የበለጠ የተጎዳው ደግሞ ለመጠጥ የሚጠመቀው የሙዝ ዓይነት ስለነበር፣ ከሙዝ ጠላና አረቄ እያወጡ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ሴቶች ጋን ባዶ ቀረ። የምግብ ማቀነባበር ሲባል የሼፐርተን ዓይነት ባለ ጭስ ማውጫ ፋብሪካ ብቻ አይደለምና ይህም በዚያው ሚዛን መታየት አለበት።

በሽታው ከጓሮ ጓሮ የሚሄድበት ዋናው መንገድ ቢላዋ ነው። እንሰት ስትፍቅ የዋለች ሴት ለጎረቤቷ ቢላዋዋን ታውሳለች፤ ደግነቷ በሽታውን ያሻግረዋል። ባለሙያዎች የሚመክሩት ቢላዋውን በእሳት ነበልባል ላይ ማሳለፍ፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ከብት እንዳይበላው ማድረግ ነው። ሙዝ ላይ ደግሞ የወንዴውን አበባ በቢላዋ ሳይሆን በመንታ እንጨት ጠምዝዞ መቁረጥ ነው። ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒት መሆኑ ያስደስታል፤ ሁሉም ጎረቤት በአንድነት ካላደረገው የማይሠራ መሆኑ ደግሞ ያስቸግራል።

ቡናን ሳንጠቅስ ብናልፍ አንባቢ አይምረንም። የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው በ1971 ነው፤ አረንጓዴውን ፍሬ አጥቁሮ ያረግፋል። ያን ጊዜ የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒት ከውጭ ከመጠበቅ ይልቅ ወደ ጫካውና ወደ ገበሬው ማሳ ገብተው፣ በታመሙት መካከል ሳይታመም የቆመውን ዛፍ እየፈለጉ ዘሩን ወሰዱ። 74110፣ 74112 እየተባሉ በቁጥር የሚጠሩት የቡና ዘሮች የዚያ ፍለጋ ውጤት ናቸው፤ 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። ይህን ማድረግ የተቻለው አገሩ የቡና መነሻ በመሆኑ፣ ጫካው ውስጥ ልዩ ልዩ ዓይነት ስላለ ነው። ጎልበርን ሸለቆ እንዲህ ያለ ጫካ የለውም፤ ዛፎቹ ሁሉ በማዳቀያ መቁረጫ ከጥቂት ወላጆች የተባዙ ናቸው።

ብርቱካንስ? በዓለም ላይ ዛሬ ብርቱካን የሚገድለው «ሲትረስ ግሪኒንግ» የሚባለው ነው። ትንሽ ነፍሳት ያስተላልፈዋል፤ ቅጠሉ ይዥጎረጎራል፣ ፍሬው ሳያድግ ተጣሞ ታችኛው ወገን አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል፣ ጭማቂውም ይመራል። በ2005 ፍሎሪዳ ገባ። ፍሎሪዳ በ2003-04 ወቅት 242 ሚሊዮን ሣጥን ብርቱካን ያመረተች ስትሆን በ2023-24 ወደ 18 ሚሊዮን ወርዳለች። አውሎ ነፋሱም የራሱ ድርሻ ነበረው፤ ዋናው ግን በሽታው ነው። ጭማቂ የሚጨምቁት ፋብሪካዎች ብዙዎቹ ተዘጉ። ይህ በሽታ በሰሜን ኢትዮጵያ መኖሩ በ2010 በሳይንስ መጽሔት ተዘግቧል። አውስትራሊያ ግን የላትም።

ወደ ሻንጣችን እንመለስ

እዚህ ላይ ነው ነገሩ እኛን የሚመለከተው። እናት ወይም አባት ከአገር ቤት ለጉብኝት ሲመጡ ባዶ እጃቸውን አይመጡም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ጌሾ፣ የጤና አዳም ቅጠል፣ አንዳንዴም በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ችግኝ ይዘው ይመጣሉ። እናቶቻችን ይህን የሚያደርጉት በፍቅር ነው፤ ቱላማሪን ያለው መኮንን ሲነጥቃቸው ደግሞ የሚሰማቸው ውርደት ነው፤ እኛም አብረን እንናደዳለን። ብዙዎቻችን ጭካኔ ወይም ንቀት አድርገን እናየዋለን።

የ1997ቱን ታሪክ ላየ ሰው ግን መኮንኑ የሚፈራው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ጤና አዳም ከሎሚና ከብርቱካን ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። ኮቶኒያስተር የፒር ዘመድ እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው። በችግኙ ሥር ያለች ጭብጥ የማትሞላ አፈር፣ በጫማ ላይ የደረቀ ጭቃ እንኳ በሽታ ይሸከማል። የሰሜን ክዊንስላንድ ሙዝ አምራቾችን ጠይቁ። በማርች 2015 በተሊ ሸለቆ በአንድ የሙዝ እርሻ ላይ በአፈር የሚተላለፈው የፓናማ በሽታ ተገኘ፤ እርሻው ተዘጋ፤ በኋላም የአምራቾቹ ማኅበር ራሱ ገዝቶ ሙዙን አጠፋው። በአካባቢው ያሉት ሁሉ እስከ ዛሬ ወደ እርሻቸው የሚገባውን ጎማና ቦት ጫማ ያጥባሉ። አውስትራሊያ ውስጥ የምንበላው ሙዝ፣ በየምግብ ቤቱ ስፕሪስ ውስጥ የሚገባው ጭምር፣ አብዛኛው ከዚያ አካባቢ ነው የሚመጣው።

ሕጉም ጠንክሯል። ያላስመዘገበ ሰው ከባድ የገንዘብ ቅጣት አለበት፤ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ በጉብኝት ቪዛ የመጣ ሰው ያልተናገረው ዕቃ ከተገኘበት ቪዛው እዚያው አውሮፕላን ጣቢያ ሊሠረዝና ሊመለስ ይችላል። ለሁለት ዓመት ገንዘብ ተጠራቅሞ የመጣችን እናት በአንድ ጥቅል ችግኝ ምክንያት ሳያቅፏት መመለስ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። በመግቢያው ጥያቄ ላይ ምግብ ወይም ተክል ይዘዋል ወይ ለሚለው «አዎ» ማለት ብቻ ነው። ያስመዘገበ ሰው ዕቃው ቢወሰድበትም አይቀጣም። ስለዚህ ዘመድ ከመነሣቱ በፊት ስልክ ስንደውል «ምን ይዘሽልኝ ትመጪያለሽ» ከማለታችን ጋር ይህንንም እንንገራቸው። ቅጹን በአውሮፕላን ውስጥ ማንበብ የማይችል ሁሉ «አዎ» ብሎ ቢሞላ ይሻለዋል፤ መኮንኑ አይቶ የሚፈቀደውን ይመልስለታል። ጤና አዳም ለቡናችን የምንፈልግ ደግሞ እዚሁ በችግኝ ሱቆች «ሩ» በሚል ስም ስለሚሸጥ ከአዲስ አበባ ማምጣት አያሻም።

ዲር ፓርክ ውስጥ ብዙዎቻችን የገዛነው ወይም የተከራየነው ቤት ጓሮው ውስጥ የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች የተከሉት ሎሚ፣ ሎኳት፣ የበለስ ወይም የፒር ዛፍ አለው። ሎኳትም ፒርም ፋየር ብላይት ከሚይዛቸው ናቸው። የጓሮ ፍሬ ሳይለቀም መሬት ላይ ሲበሰብስ ደግሞ የክዊንስላንድ ፍሬ ዝንብ መራቢያ ይሆናል፤ ይህች ዝንብ ለጎልበርን ሸለቆ አምራቾች ዋና ጠላት ሆናለች። የማንበላውን ፍሬ ለቅመን በፕላስቲክ ከረጢት አስረን ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ላይ ካዋልነው በኋላ መጣል፣ ለሽርሽር ወደ ሼፐርተን ወይም ወደ ሙሬይ ወንዝ ስንሄድም የጓሮ ፍሬ ይዞ አለመሄድ ለማንም ከባድ አይደለም።

በጓሮ ዛፍ ላይ ያልተለመደ ነገር፣ ለምሳሌ እሳት የላሰው የመሰለ ቀምበጥ ወይም የተዥጎረጎረ የሎሚ ቅጠል ያየ ሰው ቅጠሉን ቆርጦ ለጎረቤት ለማሳየት ይዞ እንዳይዞር። ፎቶግራፍ አንስቶ በነፃ ስልክ ቁጥር 1800 084 881 ይደውል። በእንግሊዝኛ መናገር የሚያስቸግረው ደግሞ መጀመሪያ ወደ አስተርጓሚ አገልግሎቱ፣ 131 450፣ ደውሎ አማርኛ ተናጋሪ ቢጠይቅ ያገናኙታል።